ከስቅለት እስከ ዒድ፦ ሐረር ላይ ጨረቃ የጠበቅንበት ሰሞን

ከሐረር ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን እስካሁን «እህ፣ ጅብ አበላህ ወይ?» ከሚለኝ ሰው በቀር ስለ መንገዴ የጠየቀኝ የለም። አላበላሁም። ጅቡንም አላየሁት። እኔ ያየሁት ጨረቃ ነው። ይህን ስል ይስቁብኛል፤ «ጨረቃማ እዚህም አለች፣ መምህር! ለእሷ ብለህ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጥከው?» ይሉኛል። እንግዲህ ለሳቁብኝም፣ ሐረርን ረግጠው ለማያውቁትም፣ ነገሩን ከመነሻው እንደሆነው ልጻፈው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ነበር፤ ጾምና በዓል የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ሂሳብ ማለቴ ነው። ፋሲካ መቼ እንደሚውል ከሃያ ዓመት በፊት አስቀድሞ ይነግርሃል። ይህንኑ ሂሳብ በጣቴ እያስቆጠረ ለእኔም አስተምሮኛል። ሐረር ላይ ያዋረደኝም ያከበረኝም እሱው ነው።

ሐሙስ

ረቡዕ አዲስ አበባ አድሬ ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በሰሙነ ሕማማት መንገድ መውጣት ደግ አይደለም። ግን የአክስቴ ልጅ ጽጌ «የዘንድሮን ፋሲካ እኔ ጋ ካልዋልክ ብሞትም እንዳትቀብረኝ» ብላ በስልክ ስለማለችብኝ ምን ላድርግ። ጽጌ ሐረር ተወልዳ ሐረር ያረጀች ናት። ቅድመ አያቷ በምኒልክ ዘመን ከሸዋ ሄደው እዚያው የቀሩ ናቸው።

ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደብረ ብርሃን ቅቤ። እኛ ጋ ቅቤ ድንጋይ ነው፤ በመዶሻ ካልመቱት አይሰበርም። ስለዚህ ምንም ሳልጠነቀቅ በላስቲክ ጠቅልዬ ከራሳችን በላይ ካለው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ወረወርኩት። መተሐራን አልፈን አዋሽ ስንቃረብ ሙቀቱ በረታ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ድንገት ሻሿን ዳሰሰች፣ ጣቷን አሸተተች፣ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች።

«አቦ! ቅቤ ነው እንዴ ይሄ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻሿም ትከሻዋም ርሷል፤ የእኔም ኮት እጅጌ። እኔ በሁዳዴ፣ እሷ በረመዳን፣ ሁለታችንም ከንፈራችንን ሳናረጥብ በቅቤ ታጠብን። ይቅርታ ስለምናት መሳቅ ጀመረች። «አይዞህ አባባ፣ ፀጉሬ ደርቆ ነበር። ዒድ ሳይደርስ ተቀባሁ!» አለችና ከቦርሳዋ ሁለት ፌስታል አውጥታ ቅቤውን እንደ ሕፃን ጠቅልላ እግሯ ሥር አኖረችው።

አሰበ ተፈሪ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ፤ የቀረነው እኔና እሷ ነን። ከመስኮቱ ጥብስ ሸተተን። ተያየንና መስኮቱን ዘጋን። ሂርና ስትወርድ አንድ እፍኝ ቴምር በወረቀት ጠቅልላ «ለማታህ» ብላ ሰጠችኝ። ቅቤዬን ያፈሰስኩባት እኔ፣ ስጦታ የሰጠችኝ እሷ!

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው። የጨርጨር ተራራ በበልግ ዝናብ ለምልሞ፣ ገበሬው ማሽላ እየዘራ አገኘሁት። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ፈረንጆች ፋሲካን የጸደይ በዓል እንደሚሉት እናገር ነበር። የእኛ ጸደይ ከመስከረም በኋላ ነው፤ ፋሲካችን የሚመጣው በበልግ ነው። በእኔ አገር በልጉ ካልጨከነ ገብስ ያበቅላል፤ ሲጨክን ውርጭ ይሰጠናል። እዚህ ግን ምድሩ ሁሉ እርጥብ ሆኖ ይሸታል። ሰማዩ በደመና ስለተሸፈነ ያን ሰሞን ቀና ብዬ ያየሁት ነገር አልነበረም።

ሐረር ስንገባ መሽቷል። ባጃጁ ሸዋ በር ገበያ ውስጥ በሰው መሃል እየተሹለከለከ ጽጌ ደጃፍ ጣለኝ። ከደብረ ብርሃን ለብሼው የመጣሁትን የሱፍ ኮት ስታይ «ልታሞቀን ነው የመጣኸው?» ብላ ተቀበለችኝ።

ዓርብ

የስቅለት ዕለት ስንሰግድ ዋልን። ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ሲመቱኝ የእኛ ደብር ቄስ ክንድ ትዝ አለኝ፤ የእኛው ይበረታሉ። ወደ ማታ ቤት ስደርስ ጽጌ በሰፌድ ላይ ጉልባን ይዛ «ና፣ ወደ እነ አባ ዩያ እንግባ» አለችኝ።

አባ ዩያ ጎረቤቷ ናቸው። እኛ ጋ «አባ» የሚባለው ቄስ ወይ መነኩሴ ነው፤ እዚህ ግን ሸዋ በር ገበያ በርበሬና ሩዝ የሚሸጡ፣ በልጅነታቸው ከገጠር የመጡ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። በሁለቱ ግቢ መካከል አንዲት የቆርቆሮ በር አለች፤ መቀርቀሪያ ኖሯት አያውቅም። ገብተን አጎዛ ላይ ተቀመጥን። አባ ዩያ ጥቁር መነጽር አድርገው ወንበር ላይ ነበሩ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተገፍፎ ጎንበስ እንዳይሉ ተከልክለዋል። ባለቤታቸው አዴ ፋጡማ ሾርባ ታቀርባለች፤ የልጅ ልጃቸው ኢክራም፣ ኮሌጅ የምትማር ወጣት፣ ቴምር ታዞራለች።

አዛኑ እስኪሰማ ሁላችንም የምዕራቡን ሰማይ እናያለን። እነሱ ለረመዳን፣ እኛ ለስቅለት፣ አንድ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንጠብቃለን። ስድሳ ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አዛን ሲል እነሱ ቴምር አነሡ፣ እኛ ጉልባን ዘገንን። አዴ ፋጡማ አንድ ሳሕን ወደ እኔ ገፋችልኝ።

«ብላ መምህር። ያንተ ሳምቡሳ የምስር ነው፤ ዘይቱም ለብቻው ነው። ሥጋ አልነካውም፣ ወላሂ።»

በጾሟ ቀን ለእኔ ጾም ተጨንቃ ነበር። እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው ብዬ ደበቅሁት።

ጨዋታ ሲደምቅ ጽጌ «ጋሼኮ ፋሲካን በጣቱ ያወጣል» ብላ አሞካሸችኝ። አባ ዩያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጨረቃንም ታወጣለህ?»

«ሂሳቡ እኮ የጨረቃ ነው!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። በዚህ ሰፈር የረመዳን ማብቂያ ሲደርስ «አባ ዩያ አይተዋል?» ተብሎ የሚጠየቀው እሳቸው ነበሩ። አምና በሃያ ዘጠነኛው ምሽት ጣራ ወጥተው ቀጭን፣ ነጭ፣ ጎበጥ ያለች ነገር አዩ። ወላሂ ብለው ወረዱ። ሌላ ግን አንድም ሰው አላየም። አንድ ምስክር ለዒድ ስለማይበቃ አገሩ ሠላሳ ሊሞላ ጾሞ ዋለ።

«እኔ ግን ያየሁትን አየሁ ብዬ በማግሥቱ ፈታሁ። እሷንም ይቺንም አስፈታሁ» አሉ ወደ ሚስታቸውና ወደ ኢክራም እያመለከቱ። «በሬን ዘግቼ በላሁ። ከዚያ ሐኪሙ ዓይኔን አየና 'ሁለቱም በሞራ ተሸፍኗል፤ ብርሃን ባለበት ስታይ የሌለ ጭረት ያሳይሃል' አለኝ። እንግዲህ ያየሁት ጨረቃ ነው ወይስ የገዛ ሞራዬ? ያቺን ቀን አሁን ብጾማት 'ውሸቴን ነበር' ማለቴ ነው። ባልጾማት ደግሞ አላህ ዘንድ አንድ ቀን ይጎድልብኛል። ይኸው ዓመት ሞላኝ፤ አልጾምኳት፣ አልተውኳት።»

«ተወው አሁን፣ ሾርባህን ጠጣ» አለች አዴ ፋጡማ።

ዝም ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግን አፍ ካለ ምን ይደረጋል! «ቆይ፣ እኔ እነግርዎታለሁ» ብዬ ጣቴን ዘረጋሁ። ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረውን ዓመተ ዓለም በአሥራ ዘጠኝ ገደፍኩ፣ ማለትም አካፍዬ ትርፉን ያዝኩ፣ ከቀረው አንድ ቀነስኩ፣ በአሥራ አንድ አባዛሁ፣ በሠላሳ ገደፍኩ። የአምናው አበቅቴ፣ የጨረቃዋ ዕድሜ የሚቆጠርበት ትርፍ ቀን፣ አሥራ ሰባት ወጣ። ከዚያ ሌሊቱን ቆጠርኩና እንደ ዳኛ ፈረድኩ።

«ያን ምሽት ጨረቃ አልነበረችም። ገና አራት አምስት ቀን ይቀራታል።»

አዴ ፋጡማ ሳሕኑን አስቀመጠች። «አራት ቀን? ታዲያ በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ያያት ጨረቃ የማን ነበረች?»

ጽጌ በሳቅ ፍርስ አለች። ኢክራም አፏን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ፤ ሂሳቡን ደግሜ ብቆጥረው ያው ነው። አባ ዩያ ግን አልሳቁም። «አራት ቀን» አሉ ለራሳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ዘንድሮ ጣራ አልወጣም። ይብቃኝ።»

ሳቁ ቆመ። እንግዳ ሆኜ በገባሁ በሁለተኛው ቀን የሰው ልብ ሰበርኩ። ሌሊቱን በሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳም ሹር ዕለት ቄጠማ ራሳችን ላይ አስረን ሸዋ በር ገበያ ወረድን። እኛ ጋ የፋሲካ ዋዜማ ገበያ የበግና የዶሮ ነው፤ እዚህ በአንድ በኩል ዶሮ፣ በሌላ በኩል የቴምር ክምር፣ በመካከሉ የሁለቱም በዓል የልጆች ልብስ። የትኛው ዕቃ ለየትኛው በዓል እንደሚገዛ አይለይም። አባ ዩያን ሱቃቸው በር ላይ አየኋቸው፤ ሰላም አሉኝ፣ ፊታቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ፋሲካን በቤተ ክርስቲያን አድረን ቤት ገብተን ጥቂት እንደቆየን ጎህ ቀደደ። የቆርቆሮዋ በር ተንኳኳች። ኢክራም ናት፤ አንድ ማሰሮ ወተት ይዛለች። እሷ ሱሑሯን በልታ ጾሟን ይዛለች፤ እኛ ሃምሳ አምስት ቀን ከወተት ተለይተን የመጀመሪያዋን ጉንጭ የምንጎነጨው ሁልጊዜም ከእነሱ ቤት ነው አለችኝ ጽጌ። ወተቱን ልቀበል ወደ ግቢ ወጣሁ፤ ደመናው ለመጀመሪያ ጊዜ ተገልጦ ነበር። ቀና አልኩ።

ጨረቃ አናቴ ላይ ነበረች። ገሚሷ ግን የለም! በእኔ ሂሳብ ያን ቀን ገና አሥራ ስምንተኛ ሌሊቷ ነበር፤ ድቡልቡል ብላ መታየት ነበረባት። እሷ ግን ልክ መሃሏን እንደ ዳቦ ተቆርሳ ነጭ ሆና ቆማለች። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ፋሲካ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ነው ስል፣ አንድ የፋሲካ ማለዳ እንኳ ቀና ብዬ አላየኋትም። አባቴም ከመጽሐፉ ቀና ሲል አይቼው አላውቅም። ማሰሮውን እንደታቀፍኩ ደንዝዤ ቀረሁ። እንዴት ያለ ነገር ነው! እኛ ታች ሆነን ስንቆጥር እሷ በራሷ መንገድ ስትሄድ ኖራለች።

ሰኞ

ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሼ አንድ መሪጌታ ያዝኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። «አዎ፣ የሂሳቡ ጨረቃ ከሰማዩ ወደኋላ ቀርታለች። ብዙ ዘመን ነው፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ይከማቻል» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ አባቶች ይህን ሂሳብ የሠሩት ጨረቃን ሊያስሩባት አይደለም። ሁላችን በአንድ ቀን እንድንጾም፣ በአንድ ቀን እንድንፈታ ነው።»

ከዚያ በቀጥታ አባ ዩያ ግቢ ገባሁ። ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሂሳቤ ከሰማይ ጋር አይገጥምም። ትናንት በዓይኔ አየሁት። ስለ አምናው የነገርኩዎት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይተዉት።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እውነቱን ተናገርክ» አሉ። «ግን መምህር፣ የአንተ ሂሳብ መሳሳቱ የእኔን ዓይን አያድነውም።»

ልክ ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነገር ለመቀየር ያ «አሥራ አንድ» ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በጣቴ ስቆጥር ሰምተውታል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን እንደሚያንስ፣ እኛም ያን እያጠራቀምን ሠላሳ ሲሞላ አንድ ወር አድርገን እንደምንገድፈው፣ ፋሲካ ከበልግ የማይወጣውም በዚህ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

አባ ዩያ ቀጥ አሉ። «አሥራ አንድ ቀን! የእኛ ረመዳንም እኮ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ነው የሚሸሸው!»

«ያው እሱ ነው፣ አባ። አንድ ነው።»

«ሱብሓነላህ!» አሉና ጉልበቴን መቱኝ። «እናንተ ጨረቃዋን እጇን ይዛችሁ ወደ በልጉ ትመልሷታላችሁ። እኛ ደግሞ ትሂድ ብለን እንከተላታለን። እኔ በማሽላ አጨዳም ጾሜአለሁ፣ በክረምት ጭቃም ጾሜአለሁ፣ በበጋ ሐሩርም ጾሜአለሁ። ረመዳን ዓመቱን ዞሮ እዚሁ በልግ ላይ ሲመጣብኝ ይህ ሦስተኛዬ ነው። መጀመሪያ ልጅ ነበርኩ፣ ቀጥሎ አባት፣ አሁን ይኸው።» ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ ፈገግ አሉ። ከስቅለት ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ሃይማኖታችን ሁለት፣ በዓላችን ሁለት፣ ቀሪዋ አሥራ አንድ ቀን ግን አንዲት ናት።

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ

ከዚህ በኋላ ያሉትን ቀኖች ባጭሩ ልለፋቸው። ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌ ከተማ፣ ሁለት ጊዜ ገባሁበት፤ ሁለት ጊዜም ጠፋሁ። ደብረ ብርሃን መንገድ ከጠፋህ ቀና ብለህ ወደ ሜዳው ታያለህ፤ እዚያ ግን ግራና ቀኝ ነጭና አረንጓዴ ግንብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስጠፋ አንዲት ቅርጫት የተሸከመች ሴት ያለምንም ጥያቄ «ተከተለኝ» አለችኝ። መንገዷ ባይሆንም ፈረስ መጋላ ድረስ አደረሰችኝ። አደባባዩ ላይ ሻይ ቤቶቹ ጭር ብለዋል። እኔም በእነሱ ጾም መሃል ቁጭ ብዬ ሻይ መጠጣት አፍሬ ተመለስኩ።

በየቀኑ ማለዳ ወጥቼ ጨረቃዋን አያት ጀመር። እያነሰች፣ እየቀጠነች፣ ወደ ፀሐይ እየተጠጋች ሄደች። ዓርብ እንደ ጥፍር ቁራጭ ሆና ነበር።

ቅዳሜ

የረመዳን ሃያ ዘጠነኛ ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ማታ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጣራ ላይ ነው። አባ ዩያ ብቻ እታች ወንበራቸው ላይ ቀሩ፤ ለመጣው ሰው ሁሉ «ዓይኔ ገና ነው» ይላሉ። ደመናው አልተገለጠም። ማንም አላየም። ሠላሳ እንዲሞላ፣ ዒድም ሰኞ እንዲሆን ተነገረ።

እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ከቅዳሴ መልስ ሌላ ቀን ያልደፈርኩትን ደፈርኩ።

«አባ፣ ዛሬ ጣራ እንውጣ።»

«ለምን? ሠላሳ ሞልቷል። ነገ ታየችም አልታየችም ዒድ ነው። የማንም ምስክርነት አያስፈልግም።»

«ለዚህ ነው የምልዎት! ዛሬ ቢያዩ ማንንም አያስፈቱ፣ ባያዩ ማንንም አያስጾሙ። ለራስዎ ብቻ ይዩ።»

አሰቡበት። ኢክራም ስልኳን አውጥታ «አያቴ፣ በየት በኩል እንደምትወጣ ይሄ ያሳያል» ስትል «ዝጊው! ስልክ ጨረቃ አይቶ አያውቅም» ብለው ተቆጧት። ከዚያ ተነሡ።

እኔና ኢክራም ክንዳቸውን ይዘን በደረጃው አወጣናቸው። ዝናቡ ቀትር ላይ ጥሎ ስላለፈ ሰማዩ ታጥቧል። አዛን ሲል ቴምራቸውን ቀመሱና ጥቁሩን መነጽር አወለቁ። «ማናችሁም እንዳትነግሩኝ» አሉ። «ካያችኋት ዝም በሉ። እኔ በጣቴ እጠቁማለሁ፤ ከሳትኩ ብቻ ሳትክ በሉኝ።»

ቆምን። ምዕራቡ ቀላ፣ ከዚያ ብጫ፣ ከዚያ እንደ ውኃ ጠራ። ከኮረብታው በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላ አየኋት! ከፀጉር አትወፍርም። በጀርባዋ የተኛች፣ ሁለት ጫፏ ወደ ላይ፣ እንደ ጀልባ። ኢክራም እጄን ጨመቀችው፤ እሷም አይታለች። አባ ዩያ ግን ሌላ ቦታ ያያሉ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። እኔ በልቤ «መድኃኔ ዓለም፣ እባክህ አሳያቸው» እላለሁ፤ አጠገቤ ልጅቷ በከንፈሯ «ያ ረቢ» ትላለች። ሁለታችንም ስለ አንድ ዓይን ለመንን።

ድንገት አንገታቸው ቆመ። ጣታቸው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ሄዶ ልክ እሷ ላይ አረፈ።

«እዚያ። ተኝታለች። ቀንዷ ወደ ላይ ነው። የግራዋ ትንሽ ረዘም ይላል።»

«አልሳቱም፣ አባ» አልኩ። ኢክራም አቀፈቻቸው።

እሳቸው ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። እስክትጠልቅ ድረስ አዩዋት፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ስትጠልቅ ዞር አሉ።

«አሁን አወቅሁ» አሉ። «አምና ያየሁት ይቺ አልነበረችም። ያኛዋ ዓይኔን ሳዞር አብራኝ ትዞር ነበር። ይቺ ግን ባለችበት ቆማ ጠበቀችኝ።»

እየደገፍናቸው ወረድን። አዴ ፋጡማ ከደረጃው ሥር ቆማ «አየሃት?» አለች።

«አየኋት። ለዚህም አልሐምዱሊላህ። ግን ፋጡማ...» ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «አምና አላየሁም ነበር። አንቺንም ልጅቷንም ያለ ጨረቃ አስፈታኋችሁ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

አዴ ፋጡማ ሻሿን አስተካከለች። «እኛማ ጾመናታል» አለች።

«ምኑን?»

«ያቺን ቀን ነዋ! እኔ በዒዱ ማግሥት ቀዷዬን አወጣሁ። ይቺም በሳምንቱ ጾመች። ያን ቀን ምሳ ላይ ስትፈልጋት ኮሌጅ ነች ብዬህ አልነበር? ነግሬህ ላሳፍርህ ነው? የቀረኸውስ አንተ ብቻ ነህ!»

አባ ዩያ አፋቸውን ከፍተው ሚስታቸውን አዩ፤ ከዚያ ኢክራምን። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ዓመት ሙሉ የሁለቱን ሸክም ተሸክመው ሲቃጠሉ ኖረዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ሸክማቸውን አራግፈው ስለ ክብራቸው ዝም ብለው ኖረዋል። መሬት ላይ ቁጭ አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶው እንደገና ሳቅ ሆነ። «አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ ሴትዮ» ይላሉ። እኔና ጽጌ ቀስ ብለን በቆርቆሮዋ በር ወጣን።

ሰኞና ማክሰኞ

የዒዱን ዕለት ከተማው ነጭ ለበሰ። ሥጋው የየራሳችን ስለሆነ እሱን ተውኩት፤ ሩዙን፣ ሐልዋውን፣ በስኳር የተነከረውን ጣፋጭ ሙሸበክ ግን አዴ ፋጡማ እየማለች አስጨረሰችኝ። እኛ ጋ እንግዳ በጉርሻ ይገደላል፤ እዚህ በመሐላ ነው። ማታ አባ ዩያ ጠሩኝና «በዒድ ቀን አይጾምም፤ ነገ ግን እጀምራለሁ፤ ነገውኑ እጨርሳለሁ» አሉኝ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሸዋ በር ድረስ ሸኙኝ። ሱሑር በልተው ጾማቸውን ይዘዋል። ለእኔ ግን አዴ ፋጡማ ያሰረችልኝን ስንቅ ይዘዋል፤ እንቁላልና ዳቦ።

«አባ፣ በዓለ ሃምሳ ባይሆን አብሬዎ እጾም ነበር። አሁን መጾም ለእኛ ክልክል ነው» አልኳቸው።

«አይ መምህር፣ ይቺ የብቻዬ ናት። አንተ ብላ። ሲመሽ ግን አስበኝ።» አቀፉኝ፤ ያ የተገፈፈው ዓይናቸው ጥቁር መነጽር አልነበረበትም።

ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። ስንቄን በላሁ። አዋሽን አለፍን፣ ናዝሬትንም አለፍን፤ ፀሐይዋ ከፊታችን ዝቅ እያለች አውቶቡሱን ሞላችው። እነ አባ ዩያ ከእኛ ወደ ምሥራቅ ናቸው፤ ጥቂት ቀድሞ ይመሽባቸዋል። ፀሐይዋ ከጠለቀችበት በላይ ጨረቃዋ የሁለት ቀን ልጅ ሆና ወፈር ብላ ታየች። ስልኬ ጮኸ። ኢክራም መስላኝ ነበር። አባ ዩያ ናቸው፤ አፋቸው ውስጥ ቴምር አለ፣ ያላምጣሉ።

«መምህር» አሉኝ፤ «የአምናው ሠላሳ አሁን ሞላ።»